የአጎቴ ቫዮሊን ውስጥ «ስትራዲቫሪየስ 1721» ይላል፤ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

ጣናዳር
ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ። አጎቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነፍሱን ይማረው። በወጣትነቱ ወታደር ባንድ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወት እንደነበር ቤታችን ውስጥ ሁሌ ይወራል። እኛ ግን አንድም ቀን ሲጫወት ሰምተነው አናውቅም። ባለፈው ሳምንት ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። የውስጡን ቀይ ከፋይ ብል በልቶት ወንፊት አስመስሎታል። ቫዮሊኑ ግን ደኅና ነው። ደኅና ነበር ልበል፤ እኔ እስክነካው ድረስ።

አቧራውን ልጥረግ ብዬ አራቱንም ክሮች አንድ ላይ አላላኋቸው። ክሮቹን የሚሸከመው ቀጭን እንጨት ጧ ብሎ ወደቀ። ወዲያው ደግሞ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንከባለለ። አሁን ሳነቃንቀው ይንኳኳል። በቀዳዳው ሳይ እርሳስ የምታክል በትር ናት።

በስልኬ መብራት ውስጡን ሳበራ ደግሞ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። «አንቶኒየስ ስትራዲቫሪየስ ክሬሞኔንሲስ ፋቺየባት አኖ 1721» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ጀርመን» የሚል አለ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያገኘሁትን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነተኛ ሊሆን ይችላል? የወደቀችውን በትርስ ምን ላድርጋት? የእህቴ ልጅ ማሙሽ፣ 11 ዓመቱ ነው፣ «ለኔ ስጠኝ» ብሎ ቤቱን አምሷል።

ፔዳ_ልጅ
ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 2፡55

ጋሼ! በ1721 የተሠራ አንድ ስትራዲቫሪየስ እኮ በፈረንጅ በ2011 በ15.9 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። «ሌዲ ብላንት» ይሉታል። ሽያጩ ጃፓን ውስጥ በሱናሚ ለተጎዱት ነበር የዋለው። የእርስዎ ቫዮሊን እህቱ ብትሆንስ? እኔ የዶርም ልጅ ነኝ፣ ብዙ አልጠይቅም፤ አንድ ላፕቶፕ ብቻ።

ኤ_ክር
ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድም ጣናዳር፣ ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ሳጥኑን ዝጋና እጅህን ሰብስብ። እዚሁ ባሕር ዳር ቫዮሊን አስተምራለሁ። ይሄ ጥያቄ ከክረምቱ ዝናብ ጋር በየዓመቱ ይመጣል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ላቲን ነው። «የክሬሞናው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1721 ዓመት ሠራው» ይላል። (የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሰውዬው እውነተኛ ነው። ሰሜን ጣሊያን፣ ክሬሞና ከተማ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ በ1737 ሞተ። እስከ ዛሬ የተረፉት የእጁ ሥራዎች 650 ገደማ ናቸው። ሌላው ዓለም ላይ ያለው «ስትራዲቫሪየስ» ግን ልክ የለውም። ምክንያቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ሳክሶኒ ውስጥና ቦሂሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ውስጥ ቫዮሊን እንደ ዳቦ ይመረት ጀመር። አንዱ አንገት ይጠርባል፣ ሌላው ሆድ ይፈለፍላል፣ ሦስተኛው ይቀባል። በመጨረሻ ወረቀቱ ይለጠፋል። «የሱን ሞዴል ተከትለን ሠራነው» ማለታቸው ነው፤ በዚያን ጊዜ ማጭበርበር ተብሎ አይታይም ነበር።

አንተን ያዳነህ ከሥር ያለችው «ጀርመን» የምትል ቃል ናት። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም ካልተጻፈበት አላስገባም አለች። ፋብሪካዎቹም ያን ጊዜ ነው የአገር ስም ማተም የለመዱት። ስለዚህ የአጎትህ ቫዮሊን ከዚያ ወዲህ ነው። ሚሊዮን የለም። ግን ከነዚህ መካከል ድምፃቸው የሚያስደነግጥ ጥሩ ጥሩ አሉ። አትሽጠው።

ስለ በትሯ ደግሞ። ሳውንድ ፖስት ትባላለች። ከብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን ከሚሸከመው እንጨት፣ በበገና ቋንቋ ከብርኩማው፣ ቀጭን ክር ባለበት እግር በስተኋላ በኩል ቆማ የላይኛውን ሳንቃ ከታችኛው ጋር ታገናኛለች። በሙጫ አልተጣበቀችም። የክሮቹ ጫና ብቻ ነው አቁሞ የሚይዛት። አራቱን አንድ ላይ ስታላላ ጫናው ጠፋ፣ ወደቀች። ክር የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው፤ ይሄን ለማሙሽም ንገረው። ያለሷ ክሩን ብትወጥረው የላይኛው ሳንቃ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እንዳትሞክር። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ይህቺን በትር ምን ብለው እንደሚጠሯት ታውቃለህ? «ነፍስ»።

ጣናዳር
ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡41

እህቴ፣ ከሚሊዮኑ ይልቅ ይቺ «ነፍስ» ያልሽው አስደነገጠችኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እሱም እኮ እንደዚያው ነበር» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የጭራ_ልጅ
ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 1፡15

አደራችሁ? እኔ ማሲንቆ ነኝ፤ አባቴም አያቴም። ይህችን ነገር ትናንት ማታ አንብቤ ሥራ ቦታ ገጠምኳት፦

ያጎቴን ቫዮሊን ከሳጥኑ ባነሳው፣
ነፍሱ ወድቃ ኖሯል ድምፁን የሚነሳው።

አንድ ሰውዬ ግንባሬ ላይ መቶ ብር ለጠፈልኝ። ግማሹ ያንተ ነው ጣናዳር፤ ና ውሰድ።

ሸገር_ሜሎዲ
ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 4፡20

ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን ጉዳዩን አናቀላቅለው። ቫዮሊን የተሟላ መሣሪያ ነው። አራት ክር፣ ከአራት ኦክታቭ በላይ፣ ኮንቼርቶ፣ ሲምፎኒ። ማሲንቆ አንድ ክር ናት። የፈረንጁን ዕቃ በፈረንጁ መንገድ ማስተማር እንጂ፣ ልጁ ከማሲንቆ ጋር ካምታታው እጁ ይበላሻል። ማንንም ለመንካት አይደለም።

የጭራ_ልጅ
ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 4፡32

«ማንንም ለመንካት አይደለም» ተብሎ ያልተነካ ሰው አላየሁም። ወንድሜ፣ አንድ ክር ካነሰህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በአራቱ ክር መሳቅ፣ ማልቀስና ባለቤቱን መስደብ በአንድ ማታ ትችላለህ?

ኤ_ክር
ሐምሌ 7፣ ከሰዓት 8፡05

ሸገር፣ ስለ አንድ ክር ካነሳህ ፓጋኒኒን እናምጣው። በ1782 ጄኖዋ ተወለደ። ቫዮሊን ሲባል ከሱ የሚበልጥ ስም የለም። ይሄ ሰው ሦስቱን ክሮች ትቶ በጂ ክር ብቻ የሚጫወተው ድርሰት ነበረው። በወፍራሟ ክር ብቻ! ሰው ይጎርፍ የነበረው ያን ለማየት ጭምር ነው። አንድ ክር የጉድለት ምልክት ከሆነ እሱስ ለምን ፈለጋት?

ሰው ግን አላመነውም። «ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ነው» አሉት። በ1840 ኒስ ከተማ ሲሞት ቤተ ክርስቲያን አልቀብርም አለች። ሬሳው ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ ፓርማ ላይ ያረፈው በ1876 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት።

የጭራ_ልጅ
ሐምሌ 7፣ ከሰዓት 8፡40

ይቺን ባላነበብኳት ይሻለኝ ነበር።

አያቴ በየሰርጉ ሲጫወት ኖሯል። በየሰርጉ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይሸለማል። ልጃቸውን ለልጁ ሲጠይቅ ግን «አዝማሪማ እንዴት ይሆናል» ይሉታል። ያው ሰዎች ናቸው። ማታ «ተቀበል!» ይሉታል፣ ጠዋት ሰላምታውን አይቀበሉም። ፈረንጅ አገርም እንዲህ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዘጌ_ቡና
ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 1፡10

ከባድ ሆነ እንግዲህ። እኔ ቀለል ላድርገው። ጣናዳር፣ ምንም ብታደርግ ሱፐር ግሉ እንዳታስነካው። የእኔ ጊታር ድልድዩ ተነቀለና አንድ እንጨት ሠራተኛ ዘንድ ወሰድኩት። «በአምስት ደቂቃ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። ድልድዩ ሁለተኛ ሲነቀል ግን ግማሹን ሳንቃ ይዞ ነው የሄደው።

ኤ_ክር
ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 1፡30

ዘጌ እውነቱን ነው። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው። ሙጫው ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ባሕር ዳር በክረምት እርጥበቱ፣ በበጋ ድርቀቱ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ያኮማትረዋል። ያኔ ሙጫው ቀድሞ ይለቃል፣ እንጨቱ ይተርፋል። የተለቀቀ ጠርዝ ይጣበቃል። የተሰነጠቀ ሳንቃ ግን ጣጣ ነው።

የጭራ_ልጅ
ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 1፡52

እኛ ጋ ክረምት ከመጣ ቆዳው ይላላል። ማሲንቆው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። ከምድጃ ራቅ አድርጌ አስጠጋዋለሁ። እጄን ቆዳው ላይ አድርጌ ሙቀቱን እለካለሁ፤ ከበዛ ይተረተራል። ከዚያ በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ። «ዱፍ» የሚለው «ዱም» ሲል ደርሷል። ደጋኑን እጣን አሽቼ እነሳለሁ። ፈረንጁ ሮዚን የሚለውን እኛ ከቤተ ክርስቲያን ጎረቤት እናገኘዋለን።

ድጓ_ቤት
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሰላም ለናንተ ይሁን ልጆቼ። የዜማ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ ስልኩን ሰጥቶኝ ስታወሩ አነበብሁ። መዝሙር 150 ላይ በገናና መሰንቆ አብረው ተጠርተዋል፤ መሰንቆን የሚንቅ ያንን ያንብብ። ይልቅ ልጠይቃችሁ። ቫዮሊን የሚሉት ዕቃ ዕድሜው ስንት ነው? በዜማ ምልክት ይጻፋልን? ወይስ በጆሮ ነው?

ኤ_ክር
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 3፡10

የኔታ፣ እንኳን ደህና መጡ። አሁን ባለው መልኩ የወጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያችው ክሬሞና ውስጥ፣ አንድሪያ አማቲ በሚባል ሰው እጅ ነው ይባላል። የሱ ዘር ለሦስት ትውልድ ሠርቷል። አዎ፣ በምልክት ይጻፋል፤ አምስት መስመር ላይ። በጆሮም የሚጫወት ብዙ ነው።

ድጓ_ቤት
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 4፡00

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አልሽ ልጄ። እኛም ዘንድ እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ የድጓውን ምልክት ሠሩ ይባላል። እንግዲያ ዕድሜያቸው አንድ ነው። የኛዎቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ዜማው ራሱ ግን ከቅዱስ ያሬድ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ተማሪው በመጀመሪያ በጆሮው ይይዛል። ምልክቱ የሚያገለግለው የረሳ እንደሆነ ነው።

ኤ_ክር
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 4፡25

የኔታ፣ «ርክርክ» ሲሉ ቀሰቀሱኝ። ለተማሪዎቼ ድምፅን በጣት ማንቀጥቀጥ ስነግራቸው አይገባቸውም። «ቅዳሴ ላይ መሪጌታው ድምፁን እንዴት ይረከርከዋል?» ስላቸው ሁሉም ያውቁታል። አንድ ነው አልልም፤ የልጁ ጆሮ ግን ከዚያ ይነሣል።

አንድ ልንገርዎት። ቪቫልዲ የሚባለው፣ አራቱን ወቅቶች በቫዮሊን የደረሰው፣ ቄስ ነበር። ፀጉሩ ቀይ ስለነበረ «ቀዩ ቄስ» ይሉታል። በ1703 ክህነት ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ደረቴን ያፍነኛል ብሎ ቅዳሴ መቀደስ ተወ። ቬኒስ ውስጥ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የሚያድጉበት ቤት ቫዮሊን አስተማረ። ሴቶቹ ልጆች የሚጫወቱት ሰገነት ላይ፣ ከብረት መረብ ጀርባ ተሰውረው ነበር። ሕዝቡ ይሰማቸዋል፤ ፊታቸውን አያይም። በታንኳ አልፌ የጣናውን ገዳም ክብራን ገብርኤልን በሩቁ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። እዚህ ሴት አይገባም፤ እዚያ ሴቶቹ ገብተው አይታዩም።

ድጓ_ቤት
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 4፡40

ቅዳሴውን ትቶ ቫዮሊን? እንጃ። ፍጻሜውስ?

ኤ_ክር
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 4፡44

በ1741 ቪየና ውስጥ ደህይቶ ሞተ፣ የኔታ።

ድጓ_ቤት
ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 4፡46

ነፍሱን ይማር።

ጣናዳር
ሐምሌ 12፣ ከሰዓት 10፡20

እህቴ ኤ_ክር ትናንት ሐይቁ ዳር ቡና ልጋብዝሽ ብዬ አገኘኋት። በትሯን እንዴት እንዳቆመቻት አይቻለሁ፤ ልንገራችሁ። ኤስ ቅርጽ ያለው ቀጭን ብረት አላት። ጫፉ ስል ነው። በትሯን በሱ ወጋችና በተጣመመው ቀዳዳ አስገባች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በዚያኛው ቀዳዳ ታያለች። ትንፋሽ የለም። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዣለሁ። ሦስቴ ወደቀች። አስተናጋጁ ቡናውን ይዞ ቆሞ ያያል። አራተኛው ላይ ቆመች። ብሪጁን በሁለቱ ቀዳዳዎች ትንንሽ ምልክቶች መሐል አስተካክላ ክሮቹን ቀስ በቀስ፣ በየተራ ወጠረች። ከዚያ ዲ ክሩን በጣቷ ነካችው።

አጎቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልነካውን ድምፅ ሰማሁት።

ችግሩ አሁን ሌላ ነው። ማሙሽ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አላደርግም አለ። መሬት ቁጭ ብሎ፣ ጉልበቱ ላይ አቁሞ፣ ልክ እንደ ማሲንቆ ይገዘግዘዋል! ሰርግ ላይ ያየውን ነው። ልምታው ወይስ ልተወው?

ሸገር_ሜሎዲ
ሐምሌ 12፣ ከሰዓት 10፡31

ይኸው! ያልኩት ይሄንን ነበር።

ኤ_ክር
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡00

ማንንም አትምታ። ሞሮኮ ብትሄድ የአንዳሉስ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ቫዮሊኑን ጉልበታቸው ላይ አቁመው ነው የሚገዘግዙት። ማሙሽ ሳያውቅ የነሱን አያያዝ ይዟል። ደቡብ ሕንድ ደግሞ መሬት ይቀመጣሉ። የቫዮሊኑን ጭንቅላት እግራቸው ላይ፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያሳርፉታል፣ ሌላውን ጫፍ ደረታቸው ላይ። ባሉስዋሚ ዲክሺታር የሚባል ሙዚቀኛ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ቫዮሊንን ወደ ዜማቸው አስገባው ይባላል። ዛሬ ያለሱ ኮንሰርት የለም። ቅኝቱንም ቀይረውታል። ግብፆችም ብዙዎቹ ክሩን ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ዲ አድርገው ይቃኙታል። ዕቃው አንድ ነው። እያንዳንዱ አገር በራሱ ጆሮ ነው የቃኘው።

ውሎ አድሮ ግን ወደ አገጩ ይምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጉልበት ላይ ከያዘው ከፍ ያለውን ድምፅ ለመያዝ እጁ ይቸገራል፤ የቫዮሊኑን አንገት ሲሸከም ጣቱ አይሮጥም። ሸገር በዚህ ትክክል ነው።

ማሲንቆ የለመደ ልጅ ግን አንድ ትልቅ ትርፍ አለው። ጊታር ላይ ፍሬት አለ፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፤ የት እንደምትጫን ይነግርሃል። ቫዮሊን ላይም ማሲንቆ ላይም ምንም የለም። ጣትህን የሚመራው ጆሮህ ብቻ ነው። ማሲንቆ እንደውም ይብሳል፤ ክሩን እንጨቱ ላይ አትጫነውም፣ በጎን ነው የምትነካው።

የጭራ_ልጅ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡25

በጎን ነው። አባቴ ጣቴን በስንጥር ይመታኝ ነበር፣ ስጫን። «አትጨቁነው፣ ጠይቀው» ይለኝ ነበር።

ፔዳ_ልጅ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡40

እኔ ደሞ ቫዮሊን የነጭ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጥቁር ቫዮሊኒስት ነበረ እንዴ በድሮው ዘመን?

ኤ_ክር
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡30

ጉድ ጠየቅከኝ። ሻይ አፍላ።

ብሪጅታወር የሚባል ነበር፤ ጆርጅ ብሪጅታወር። አባቱ አፍሪካዊ ዝርያ ያለው ሰው ነው፣ እሱ ፖላንድ ተወለደ። ልጅ ሆኖ በ1789 ፓሪስ ላይ ተጫወተ። በ1803 ቪየና ሄዶ ከቤትሆቨን ጋር ተገጣጠሙ። ቤትሆቨን ወደደው። አንድ ሶናታ ጻፈለት። የጻፈው ግን በጥድፊያ ነው። በፈረንጅ ሜይ 24 ኮንሰርቱ ደርሶ ቀለሙ አልደረቀም። የሁለተኛው ክፍል የቫዮሊን ወረቀት አልተገለበጠም። ብሪጅታወር በቤትሆቨን ትከሻ ላይ አንገቱን አሻግሮ ከፒያኖው ወረቀት እያነበበ ተጫወተ። አስቡት፤ አንድ ቦታ ላይ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ከራሱ ጨመረ። ቤትሆቨን ተነስቶ አቀፈው። ይሄ እንግዲህ ከ«ተቀበል» በምን ይለያል?

በኋላ ተጣሉ። ብሪጅታወር በስተርጅና እንደተናገረው ነገሩ የሴት ልጅ ጉዳይ ነበር። ቤትሆቨን ስሙን ፋቀና ሶናታውን ክሮይዘር ለሚባል ፈረንሳዊ ቫዮሊኒስት አበረከተው። ክሮይዘር በአደባባይ አንድም ቀን አልተጫወተውም። ዓለም ግን እስከ ዛሬ «የክሮይዘር ሶናታ» ይለዋል።

ሌላም አለ። ሴን ዦርዥ የሚባል። በ1745 ጓደሉፕ ደሴት ከባሪያ እናት ተወለደ፣ ፓሪስ አደገ። ሰይፍ ሲመክት አቻ የለው፣ ቫዮሊን ሲጫወት አቻ የለው። በ1776 የፓሪስ ኦፔራን እንዲመራ ሲታሰብ ዘፋኞች ለንግሥቲቱ «በክልስ አንታዘዝም» ብለው አቤት አሉ። ቀረ። ሃይድን ለፓሪስ የጻፋቸውን ስድስት ሲምፎኒዎች የመራው ግን እሱ ነው ይባላል።

የጭራ_ልጅ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡44

ስሙን መፋቁ ነው የከነከነኝ። ሴት ትምጣ፣ ሴት ትሂድ፤ ስም አይፋቅም።

ዘጌ_ቡና
ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 2፡00

አባቴ የሱዳን ዘፈን ካሴት ሰብሳቢ ነበር። ያኔ የማደምጠው ያ የሚያለቅስ፣ እንደ ሞገድ እየመጣ የሚሄድ ነገር ቫዮሊን መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ሱዳኖቹ አምስት ድምፅ ናቸው እንደኛ። ሰባት ስምንት ቫዮሊን ደርድረው አንድ ዜማ አብረው ያለቅሱታል። ስለዚህ ሸገር፣ ቫዮሊን ወደ ጆሮዬ የገባው ከቪየና አይደለም፤ በመተማ በኩል ነው።

ሸገር_ሜሎዲ
ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 2፡30

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ልጨምር፤ ማንም አላነሳቸውም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ሰው ሁሉ በፒያኖ ነው የሚያውቃቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንም ተምረዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ዘንድ ቀጠሉ። ለንደን ሊማሩ ዕድል አግኝተው ፈቃድ ተከለከሉ። ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ ባዶ እግራቸውን። ኋላ ጎንደር መጥተው የያሬድን ዜማ ተማሩ። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ድጓ_ቤት
ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 3፡15

ተባረክ ልጄ። ይህን መልካም አደረግህ።

ጣናዳር
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 3፡05

የእማሆይን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። ያኔ ነው የነገረችኝ። አጎቴም ውጭ የመማር ዕድል ደርሶት ነበር። ወረቀቱ አለቀ፣ ሻንጣው ታሰረ። ከዚያ ቀረ። ማን እንዳስቀረው አልነገረችኝም፤ እኔም ብትነግረኝ እዚህ አልጽፈውም። በማግሥቱ ቫዮሊኑን ሳጥን ውስጥ አድርጎ ከአልጋ ሥር ገፋው። ከዚያ በኋላ ሠርቶ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ዕድር መርቶ ኖረ።

ኤ_ክር
ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 1፡30

አሁን ገባኝ። ጣት ማሳረፊያውን ሳየው ከዲና ከኤ ክሮች ሥር ጥቁሩ እንጨት ተበልቶ ጎድጉዶ ነበር። እንዲህ የሚሆነው ለዓመታት በቀን ሰዓታት ለሚጫወት ሰው ነው። ጨዋታው የዋዛ አልነበረም።

ማሙሽን ቅዳሜ ላክልኝ። በመጀመሪያ የማሳየው ትዝታን ነው። ለሌሎቻችሁም ከጠቀመ፦ ዲ ክር ባዶዋን፣ ከዚያ አንደኛ ጣት ኢ፣ ሁለተኛ ጣት ኤፍ ሻርፕ። ከዚያ ኤ ክር ባዶዋን፣ አንደኛ ጣት ቢ። አለቀ። ሁለት ጣት፣ ሁለት ክር፣ ትዝታ ሜጀር። አምባሰል ከፈለገ አንደኛ ጣቱን ወደ ኋላ ይጎትታታል፣ ሁለተኛዋን ትቶ በሦስተኛ ጣት ጂን ይይዛል። ኤ ክር ላይም አንደኛዋን እንደዚያው ይጎትታል። አንቺ ሆዬን አልነካም፤ እሷ ትልቅ ሰውም ታስለቅሳለች።

ፔዳ_ልጅ
ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 1፡50

እዚህ ክር ላይ ስንት ክር ተወራ!

የጭራ_ልጅ
ነሐሴ 5፣ ከጠዋቱ 4፡00

ፍልሰታ ስለሆነ ሥራ የለም፣ እጄ ሥራ ፈቷል። ጣናዳር፣ ልጁ እንዴት ሆነ? ካልከፋህ ማሲንቆዬን ይዤ ልምጣ። አላስተምረውም፣ አብሬው ልቀመጥ ብቻ።

ጣናዳር
ነሐሴ 17፣ ከምሽቱ 2፡15

ጾሙ እንደተፈታ ትናንት መጣ። ቡና ተፈላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፣ መነጋገርም አይቻልም። የጭራ_ልጅ ማሲንቆውን ምድጃው ዳር አሞቀ። ማሙሽ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አደረገ፤ ራሱ ፈልጎ ነው፣ አልነገርነውም። ትዝታን ጀመረ። ደጋኑ ይንሸራተታል፣ ድምፁ ይንጫጫል። ማሲንቆው ከሥር ገባለት። ልጁ ሲሳሳት ማሲንቆውም ሆን ብሎ አብሮ ይሳሳታል፤ እንዳያፍር። እኔ ይሄን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

እናቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ ድምጿን ከዝናቡ በላይ አድርጋ «ተቀበል!» አለች። ሁለት ስንኝ ሰጠችው። ስንኞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ስለ ወንድሟ ናቸው።

ሌላ ጉዳይ፦ ማሙሽ ኢ ክሩን ጠዋት በጠሰው። ባሕር ዳር ውስጥ የት ይገኛል?

ኤ_ክር
ነሐሴ 17፣ ከምሽቱ 2፡22

እኔ ጋ ትርፍ አለ። ቅዳሜ ይዞት ይምጣ። የተቀሩትን ሦስቱን ግን እንዳትነኳቸው!